ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ

«በእጄ ነው ያጠፋሁት፣ እትዬ። በዚህ በደንባራ እጄ።»

እናቴ ናት እንዲህ የምትለው፤ በጠዋት፣ የጋራው ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ። እኔ ከበሩ ወዲህ አንዱን ጫማዬን አጥልቄ ሌላውን ከአልጋ ሥር በእግሬ እየዳበስኩ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ሥር ሲንጫጫ ስለሚውል ሰው ሁሉ የደነቆረ ይመስላታል። «ምኑን ነው ያጠፋሽው?» ስትል ፎቁ በሙሉ ሰማ። እናቴ ይባስ ድምፅዋን ቀነሰች። «የልጄን ድምፅ ነዋ። እንደ ልማዴ ሲነጋ ልሰማው ብዬ ብከፍተው ቁልፊቱ ትልቅ ሆና ጠበቀችኝ። ደስ ብሎኝ ተጫንኳት፤ ጭጭ። ቀጣዩን ተጫንኩ፤ ጭጭ። አርባ አንዱንም አንድ በአንድ ተጫንኩ እኮ! የማይነካ ነገር ነክቼ ነው። ለልጅቷ ታዲያ እንዳትነግሪብኝ፤ ስንት ለፍታበት፣ አጠፋሁት ብላት ትቀየመኛለች።»

ልጅቷ እኔ ነኝ።

ወንድሜ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሥራው ከሕንፃ ሕንፃ ያንከራትተው ስለነበርና የእናቴም ዐይን ጽሑፍ ለማንበብ ስለማያግዛት፣ በቀን አንዴም ሁለቴም ድምፁን በስልክ እየቀረጸ ይልክላት ነበር። ምሳ በላሁ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ የዛሬው ሊፍት ከእህቴ የባሰ እልኸኛ ነው፣ የመሳሰለውን። ከወደቀ በኋላ ስልኳ ላይ ቀርተው የተገኙት አርባ አንድ ነበሩ፤ የእሱ ስልክ ከእሱ ጋር ደቅቋል። የእናቴ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው፤ በየሰዓቱ «ቦታ የለም» እያለ ይነጫነጫል፤ እሷም አንድ ቀን ተሳስታ አንዱን እንዳትደመስስ ስትፈራ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ነበር የምትይዘው። ከአሥር ቀን በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ እኔ ባለሙያዋ ነገሩን ልቋጨው ተነሣሁ። አርባ አንዱንም መሥሪያ ቤቴ ወደሚሠራው ድረ ገጽ አሻገርኳቸው። ድረ ገጹ የቤተሰብ አልበም ነው፣ ሰዎች ፎቷቸውንና ድምፃቸውን የሚያስቀምጡበት፤ ገና ለሕዝብ አልተከፈተም፣ የምንሞክርበት እኛና ጥቂት ዘመዶቻችን ነን። ካሻገርኩ በኋላ ከስልኳ ላይ ደመሰስኳቸው። በዚያም አላበቃሁም፤ ቀልጠፍ እንዲልላት ብዬ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ አጸዳሁት። «ከእንግዲህ ስልክሽ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢገባው አያሳስብሽም፤ ልጅሽ እኔ ጋ ነው ያለው» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ትናንት ደግሞ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ጣቷ ቁልፏን እየሳተ ስላስቸገራት፣ የማጫወቻዋን ቁልፍ አተለቅኩላት። ያደረግኩት ይኸው ነው። አንዲት ቁልፍ ማተለቅ።

ሁለተኛውን ጫማ ሳላገኘው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በእኛ ሥራ፣ ኮድ መሐል፣ ለሚቀጥለው ሰው ማስታወሻ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ የሚወስነው መስመር አናት ላይ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ፦ «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ።»

ያኔውኑ በሩን ከፍቼ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ኮሪደሩ አምስት እርምጃ አይሞላም። ግን እኔ መፍትሔ ሳልይዝ ችግር ብቻ ተሸክሜ ሰው ፊት የምቀርብ ሴት አይደለሁም፤ ይህንን እንደ ሙያ ነበር የምቆጥረው። መጀመሪያ ላምጣው፣ ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። ስትገባ ፊቷን አጥባ ነበር። ሻይ ቀዳችልኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ፣ ዐይኗን ግን አልሰጠችኝም። እኔም የራሴን አልሰጠኋትም። ሁለታችንም ስለ ዳቦው አወራን፤ መጠኑ እየቀነሰ ዋጋው እየጨመረ መሄዱን፣ ዳቦ ጋጋሪው ሆዱ ሲገፋ ዳቦው መክሳቱን። ጨዋታው ለሁለታችንም መጠለያ ሆነን። ልወጣ ስል «ስልክሽን ስጪኝ እስቲ፣ ላየው» አልኳት። ያለ አንዳች ጥያቄ፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ።

እናቴ ኮንቴይነር ሲባል ወደብ ላይ የሚደረደረው የብረት ሣጥን ነው የሚመስላት፤ ሥራ የቀየርኩ ሰሞን «ወገብሽን ጠብቂ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ብላኛለች። እኛ ጋ ኮንቴይነር ማለት ፕሮግራሙ ከነጓዙ ተጠቅልሎ የሚያድርባት ክፍል ናት። የእንግዳ ማረፊያ ክፍል በሏት፤ አንድ ልዩነት ብቻ አላት። እንግዳው በተለወጠ ቁጥር አንሶላው አይደለም የሚቀየረው፤ ክፍሏ ራሷ ትፈርስና በዚያው ልክ፣ በዚያው ቀለም፣ አዲስ ትሠራለች። ትራስ ሥር የቀረ ነገር ካለ ከፍርስራሹ ጋር ይሄዳል። አንዲት ቁልፍ ማተለቅም እንግዳ መለወጥ ነው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ የገባው የመጀመሪያው ለውጥ ደግሞ የትናንቱ ነበር። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው የሚያምረው በዚሁ ነው። እኔ ራሴ ለባልደረቦቼ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬያለሁ፤ «ኮንቴይነር አይታዘንለትም፣ ይጣላል» ብዬ። ስለዚህ ሰው የሚያስቀምጠው ፎቶና ድምፅ ከክፍሏ ውጭ መኖር አለበት። መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ከክፍሏ ጋር የማይፈርስ ዲስክ ይሰካላታል፤ ቀላል ነው፣ ግን ዲስኩ የአንድ ማሽን ንብረት ነው፣ ነገ ሰው ሲበዛና ፕሮግራሙ በሁለት በሦስት ማሽን ላይ ሲሠራ አንዱ የያዘውን ሌላው አያየውም። ወይ ፋይሉ ሁሉ ራሱን ወደቻለ መጋዘን ይላካል፤ መጋዘኑ በየቁጥሩ ተቀብሎ፣ በሦስት ቦታ አባዝቶ፣ ማንም ማሽን ሲጠይቀው ያቀብላል። ይሄኛው በየወሩ ይከፈልበታል፣ ኮዱም ከሥሩ መነካካት ይፈልጋል። እኔ መጋዘኑን መረጥኩ። ልክም ነበርኩ። አሁንም ልክ ነኝ፤ ልክ መሆን ምንም አይፈይድም እንጂ።

ቢሯችን ከጥርስ ሐኪም በላይ ነው። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ አየር ማቀዝቀዣ ከነባልዲው። ከወለሉ ሥር የጥርስ መሰርሰሪያው ሲጮህ ሁላችንም ሳናውቀው አፋችንን እንገጥማለን። ጥግ ላይ የሚቀመጡት የሰርቨሮቹ ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው ወደዚህ የመጡ ሽማግሌ። ለማንኛውም ጥድፊያ መልሳቸው «ቀስ በሉ» ስለሆነ ስማቸውም ያው ሆኖ ቀርቷል፣ ጋሼ ቀስ-በሉ። ከሳምንት በፊት፣ እኔ በመጋዘኑ ጉዳይ ለስብሰባ የሚሆን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ስብሰባው እስኪደርስ አንድ ዲስክ እንስካላት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት፤ አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፣ እኔ እሰካለሁ።» እኔ ምን አልኳቸው? «ጋሼ፣ እኔ ልብስ ጣፊ አይደለሁም። ዛሬ የጣፍነውን ነገ ማን ይተረትረዋል? ከሠራን አንዴውኑ እንደ ሰው እንሥራ።» ባልደረቦቼ ሳቁ። ዲግሪ የለኝም፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት ከሰው መጽሐፍና ከራሴ እንቅልፍ ላይ ሰርቄ ነው። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ነፍሴ ትለመልማለች። ሽማግሌው «እሺ፣ እንዳልሽ» ብለው ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አሮጌውን ኮንቴይነር እፈልጋለሁ። ከትናንት ማታው በፊት የነበረውን።»

«አሮጌውን? ምን ረስተሽበት?»

«ፋይል።»

ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። አሮጌ ኮንቴይነር የቆመ እንደሆነ፣ ካልጠፋ በቀር፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን እንደያዘ ይቆያል፤ ተስፋዬ ያ ነበር። ዝርዝሩን አወጡ፤ የለም። እንዴት እንደሌለ ሲከተሉ እያንዳንዱን ለውጥ በራሱ የሚያስገባው መመሪያ ላይ ደረሱ። አዲሱን ሥራ፣ አዲሱ መሥራቱን አረጋግጥ፣ አሮጌውን አጥፋ፣ ቦታውን አጽዳ። «ይቺን የመጨረሻዋን ማን ነው የጨመ—» ብለው ጀመሩና ዋጡት። ማን እንደጨመራት ያውቃሉ። ቢሮው ውስጥ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ የሚያጸዳ አንድ ሰው ነው ያለው። ከዚያ በኋላ የማሽኑን ዲስክ ቆፈሩ፣ ማሽኑን ለሚያከራየን ድርጅት ጻፉ፣ መልሱ በሃያ ደቂቃ መጣ፤ ጨዋ፣ አጭር፣ አይሆንም የሚል። ከሥር ጥርስ ይሰረሰራል። «የማን ፋይል ነው?» አሉኝ በመጨረሻ፣ ማያ ገጹን እያዩ። «የእናቴ» አልኳቸው። ወንድሜን ያውቁታል፤ የዚህን ሕንፃ ሊፍት ሊጠግን መጥቶ ከእሳቸው ጋር ስለ ገመድና ስለ ሽቦ ግማሽ ቀን ሲያወራ ውሎ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ሻያቸውን ወደኔ ገፉት። ነገርኩሽ ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ። ተሰድቤ እገላገል ነበር። አላሉም።

የተረፈ ነገር ቢኖር ዝርዝሩ ነው። ድምፆቹ ራሳቸው ክፍሏ ውስጥ ነበሩ፤ የድምፆቹ መዝገብ ግን፣ መቼ እንደተላኩ፣ ስንት ሰከንድ እንደሆኑ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር፤ ዳታቤዙ ደግሞ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩን የሰኩት ጋሼ ቀስ-በሉ ናቸው፣ እኔ እዚህ ቤት ሳልቀጠር በፊት፣ ማንንም ሳያማክሩ። አትመው ሰጡኝ። አርባ አንድ ረድፍ፣ አንድ ወረቀት፤ ከሥር ገና ግማሽ ገጽ ባዶ ተርፏል።

አራት ሰዓት ላይ ስብሰባው ነበር። ይቅርብኝ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ሥራ አስኪያጇ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ጸጉሯን አንድ ጎን ብቻ አበጥራ፣ እንደ ሁልጊዜው በእግሯ እየሮጠች ገባችና «በሉ፣ ፋይሎቻችንን የት እናሳድራቸው?» አለች። ተነሣሁ። ሰሌዳው ላይ ክፍሏን ሣልኩ፣ ዲስኩን ሣልኩ፣ መጋዘኑን ሣልኩ። ይህንን ስናገር አፍራለሁ፤ ምላሴ እንደ ወትሮው ቀና ብላ ሄደች። ወርኃዊ ዋጋው ለቢሮው ሻይና ስኳር ከምናወጣው እንደሚያንስ ተናገርኩ፣ ሰው ፈገግ አለ። ዲስክ መሰካት ለአንድ ማሽን ብቻ እንደሚሆን፣ መጋዘን ግን ነገ ብናድግም እንደማያሳፍረን አስረዳሁ። አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ስብሰባ በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን ከደነችና፣ ለደንቡ ያህል፣ እንደ ዋዛ ጠየቀች። «እስከ ዛሬ ኮንቴይነሩ ውስጥ በማስቀመጣችን የጠፋብን ነገር አለ እንዴ?»

ጋሼ ቀስ-በሉ ጠረጴዛውን ያያሉ። የጥርስ መሰርሰሪያው ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ዝም አለ።

«የሙከራ ፋይሎች ናቸው» አልኩ። «ትናንት። ሌላ የጠፋ የለም።»

«ኧረ ተመስገን፣ እንኳንም የሙከራ ሆነ!» አለች። «በቃ፣ መጋዘኑን። ጎበዝ ልጅ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?» አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስንወጣ ሽማግሌው በር ላይ ጠበቁኝ። «የሙከራ አልሻቸው» አሉ፣ በዚያ በቀሰስተኛ ድምፃቸው። ልመልስ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ተይው ልጄ፣ ተይው። ሂጂ ዛሬ፤ ቀሪውን እኔ እሰካዋለሁ።»

የስልክ ጠጋኙ ሱቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ቁመት ያለው ሰው አንገቱን ሰብሮ የሚገባባት ጉሮኖ ናት። በካርቶን ላይ ዋጋው በእስክሪብቶ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ስክሪን ይህን ያህል፣ ባትሪ ይህን ያህል፣ ውሃ የገባው «እንደ ሁኔታው»፣ የጠፋ መመለስ «ከተገኘ ብቻ»። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ የባሏን ስልክ መክፈቻ ቁጥር ፍለጋ መጥታ፣ ጠጋኙ «እትዬ፣ እኔ ስልክ እንጂ ትዳር አልጠግንም» እያለ ሊሸኛት ይታገላል። ሌላ ቀን ቢሆን ከእሱ ብሼ የራሴን እጨምርበት ነበር። ተራዬ ሲደርስ የእናቴን ስልክ ሰጠሁት፤ ከአሥር ቀን በፊት የተደመሰሰ ድምፅ እፈልጋለሁ አልኩት። ከማሽኑ ጋር አያያዘው፣ አንድ ፕሮግራም ከፈተ፣ ሌላ ከፈተ፣ አገጩን አሻሸ። እኔ ቆሜ ጥፍሩን አያለሁ፤ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፣ ወንድሜም እንዲህ ያለ ነበረው፣ ግራው ላይ ይሁን ቀኙ ላይ ግን እንጃ፤ ላስታውስ ሞከርኩና አቃተኝ። ጠጋኙ ሃያ ደቂቃ ያህል ለፋ። ከዚያ ቀና ብሎ በአድናቆት፣ የሙያ ሰው ለሙያ ሰው በሚያሳየው አድናቆት፣ «ይህንን ያጸዳው ማነው?» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰው ሲያጸዳ የሆነ ቦታ ፍርፋሪ ይቀረዋል። ይሄ ግን አንድ ቅንጣት አልተወም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።» ገመዱን ነቀለው። «አዝናለሁ እህቴ። ሒሳብ የለውም፣ ምንም አልሠራሁም።»

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ፣ ሰው እግሬን ሲረግጠኝ «ምንም አይደል» ማለት የምችል አልመሰለኝም። መንገዱን ሁሉ የምነግራትን ነገር ሳሰካካ ነበር። ሐሰት ለማሰካካት አልነበረም፤ እውነቱን የምታምር አድርጌ ለመንገር ነበር፤ እንደ ስብሰባው። መጀመሪያ ክፍሏን እነግራታለሁ፣ ከዚያ ዲስኩን፣ ከዚያ ማስታወሻውን። አምስተኛው ፎቅ ስደርስ ያሰካካሁት ሁሉ ከላቤ ጋር ፈስሶ አልቆ ነበር። ጀምበር አልጠለቀችም። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለቅማ የጨረሰችውን ምስር ደግማ ትለቅማለች። ሳህኑን አስቀመጠችና እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ሠራ?» አለችኝ። ስልኩን ማለቷ ነው፤ ወይም ስልኩን ማለቷን ልታስመስል ነው።

«እማዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አልነካሽም።»

ለአፍታ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ አገጯን ወረወረች። «ነገረችሽ አይደል? የዚች ሴትዮ አፍ እኮ ወንፊት ነው!»

«እሷ አይደለችም። ስሚኝ…» ብዬ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የምትፈርሰውን ክፍል፣ ያተለቅኳትን ቁልፍ፣ የሽማግሌውን ዲስክ፣ እምቢ ማለቴን፣ ስብሰባ ላይ ያልኩትን እንኳ። ቃል በቃል፣ ያለ አንዳች ጌጥ። እናቴ ሐኪም እንደምታዳምጥ አንገቷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝ። ስጨርስ ጉንጬን በመዳፏ ያዘች፤ ምስር ምስር ይሸታል። «እሺ የኔ እናት። እሺ። ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። አንቺ ግን አትሳሳቺም። ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብለሽ ታውቂያለሽ? ወንድምሽ ይህንን አይደል የሚቀልድብሽ? በእኔ እጅ ነው የጠፋው፤ ይቅር፣ አታልቅሺ።» እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ተከራከርኳት። ማልኩላት። እኔ በተከራከርኩ ቁጥር እሷ ይበልጥ አዘነችልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ልክ ሆኜ ኖሬ፣ ያጠፋሁ ዕለት የሚያምነኝ አጣሁ።

መቼስ አፍ ሲያቅተው እጅ ይቀድማል፤ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ይኼ ብቻ ነው የተረፈው» አልኳት፤ «ድምፅ አይደለም። ቀንና ሰዓት ነው።» ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው፣ ዐይኗ አላደርስ ሲላት መለሰችልኝ። «አንብቢልኝ።»

«ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ። ዘጠኝ ሰከንድ።»

ዐይኗን ጨፈነች። በራሷ ድምፅ ግን በእሱ ጥድፊያ፣ «እማዬ፣ ጃንጥላዬን በር ላይ ረስቼዋለሁ፤ ሰው ሳይወስደው አስገቢልኝ፣ የኔን ነገር ታውቂው የለ» አለች። ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። የሚቀጥለውን አነበብኩ፤ ዐርብ፣ አራት ሰከንድ። «ደረስኩ፣ ደረስኩ» አለች፤ «ሁለቴ ነው የሚለው፣ እኔ ስለምጠራጠር።» ቀጣዩን አላስታወሰችውም፤ ከንፈሯን ነክሳ «ዝለዪው» አለችኝ። ዘለልኩት። እንዲህ እያልን ሄድን፤ እኔ ሰከንዱን፣ እሷ ቃሉን። አንዳንዱን ትስቅበታለች። አንዳንዱን ጀምራ መሐል ላይ ይጠፋባታል፤ እጇ አየር ላይ ቃል ይፈልግና ባዶውን ይመለሳል። ከአርባ አንዱ ወደ አሥራ አምስት ያህሉ ሳይወጡ ቀሩ። እኔ በየረድፉ ድርሻዬ ቁጥር ማንበብ ብቻ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

«ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።» ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነበር።

ዐይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። «እሱማ ያንቺ ነው።»

«የኔ?»

«ስልክ አላነሣ አለችኝ፣ አሰሚልኝ ብሎ በኔ በኩል የላከልሽ ነዋ። ‹አንቺ ፕሮፌሰር› ብሎ የሚጀምረው። የዚያን ዕለት ነግሬሽ የለ?» ነግራኛለች። «እሺ፣ ቆይ» ብያታለሁ። «እኔማ የእናንተ የእህትና የወንድም ጉዳይ ነው ብዬ ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን እሱን እንኳ ተጫንኩት፣ ምናልባት ብዬ።» ፊቷን ወደኔ አዞረች፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ከጨፈነው ዐይኗ ሥር ፊቷ ተከፍቶ ይጠብቃል። «በይ እንግዲህ ይቺን አንቺ በይልኝ። ምን ነበር ያለሽ?»

ፋይሉን አውቀዋለሁ። ተራ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ እሑድ ዕለት ስንት ሰዓት ላይ እንደተሻገረ ሳልሳሳት እነግራችኋለሁ። እያንዳንዱ ሲደርስ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ አርባ አንድ አረንጓዴ ቆጥሬያለሁ። ፈጥሬ ብነግራት ደግሞ ታምነኝ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ለእኔ ምላስ ምንም አይደለችም።

«አልሰማሁትም፣ እማዬ» አልኳት። «አንዱንም አልሰማሁም። መድረሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ዐይኗን ገለጠች። አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሣች።

ይህንን ግን አመነችኝ።